«ቦይኮት»፦ የሰው ስም ግስ የሆነበት ታሪክ

«ቦይኮት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ አንድን ሰው፣ ድርጅት፣ ሸቀጥ ወይም ጉባኤ ሆን ብሎና ተባብሮ መተው ማለት ነው። ቦይኮት የተደረገ ነጋዴ ገዢ ያጣል፤ ቦይኮት የተደረገ ምርጫ ተወዳዳሪ ወይም መራጭ ይጎድለዋል። ቃሉ በቦታው እንዲውል ድርጊቱ በፈቃድ የሚደረግ፣ ብዙ ሰዎች የተስማሙበት፣ ተቃውሞን ለመግለጽ ወይም ሌላውን ወገን ለማስገደድ የታሰበ መሆን አለበት። አንድ ሰው ጣዕሙን ስላልወደደው ብቻ ከአንድ ቤት ቡና መግዛት ቢተው ቦይኮት አደረገ አይባልም።

የብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ግሶች ትውልድ ጽሑፍ ወደማይደርስበት ዘመን ይወርዳል። የዚህኛው ግስ ግን የትውልድ ዓመቱና ቀበሌው ይታወቃል፤ በማን አንደበት እንደተጀመረም ተጽፏል። የተወለደው በ1880 የመከር ወራት በምዕራብ አየርላንድ፣ ማዮ በሚባለው አውራጃ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን አየርላንድ የምትገዛው ከለንደን ነበር። የእርሻ መሬቱን በእጃቸው ያደረጉት ጥቂት ባለርስቶች ሲሆኑ ብዙዎቹ በርስታቸው ላይ አይኖሩም፤ ኪራይ የሚሰበስብላቸው ወኪል ሾመው እነርሱ በሌላ አገር ይቀመጣሉ። ጭሰኛው ድንጋይ ለቅሞ ማሳውን ቢያቀና፣ ቤት ቢሠራ፣ አጥር ቢያጥር፣ ልፋቱ ለባለርስቱ ጥቅም ይውላል። መሬቱ ከለማ ኪራዩ ሊጨመርበት ይችላል፤ መክፈል ካቃተው ደግሞ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ ባስከተለው ታላቅ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አልቋል፤ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስም አገሩን ጥሎ ተሰዷል። ማዮ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ ዝናቡ ከልክ አልፎ ድንቹ እንደገና ሲበሰብስና የእህል ዋጋ ሲወድቅ፣ ያን ረሃብ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ነበሩ።

በዚህ ጊዜ የተነሣው ማይክል ዴቪት ነው። ዴቪት በ1846 በዚያው በማዮ ተወለደ፤ ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ከመሬቱ ተፈናቅሎ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። እዚያ በአሥራ አንድ ዓመቱ በጥጥ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን ቀኝ ክንዱን አሳጣው። በኦገስት 1879 ካሰልባር በተባለችው የማዮ ከተማ የጭሰኞች ማኅበር አቋቋመ። በኦክቶበር ደግሞ ማኅበሩ አድጎ የአየርላንድ ብሔራዊ የመሬት ሊግ ሆነ፤ ሊቀ መንበሩም የፓርላማ አባሉ ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል ነበር። የሊጉ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ኪራዩ ፍትሐዊ ይሁን፤ ኪራዩን የከፈለ ጭሰኛ አይነቀል፤ ሲለቅም የያዘውን መብት ሸጦ መሄድ ይችል።

ጥያቄ ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ማስፈጸሚያው ሌላ። ጎረቤቱ ሲነቀል «እኔ የበለጠ እከፍላለሁ» ብሎ መሬቱን የሚረከብ ሰው እስካለ ድረስ ባለርስቱ የሚፈራው ነገር አይኖርም። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1880 ኤኒስ በተባለች ከተማ በተደረገ ስብሰባ ፓርኔል ይህንኑ አነሣ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ ሲል ጠየቀ። ከሕዝቡ መካከል «ይገደል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፓርኔል ከዚያ የሚሻል መንገድ አለ አለ። በመንገድ ሲያገኙት እንዲሸሹት፣ በሱቅም በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ብቻውን እንዲተዉት፣ በጥንት ዘመን የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ይገለል እንደነበረው እንዲያገሉት ነገራቸው። ይህ ሐሳብ ለገጠር ሰው እንግዳ አልነበረም። ጎረቤት እሳት ካላጫጫረው፣ በሥራ ካላገዘውና ሰላምታ ከነፈገው በመንደር የሚኖር ሰው ምን ያህል እንደሚቆይ ሁሉም ያውቃል። ፓርኔል ያደረገው ይህን የቆየ የመንደር ቅጣት የአገር አቀፍ ንቅናቄ መሣሪያ ማድረግ ነው። ንግግሩ ያነጣጠረው ግን የተነቀለ ሰው መሬት በሚይዙ ጭሰኞች ላይ እንጂ በባለርስትና በወኪሉ ላይ አልነበረም። ወደ ወኪሉ ያዞሩት የማዮ ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው።

ወኪሉ ቻርልስ ካኒንግሃም ቦይኮት ይባላል። በ1832 በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ ከአንድ ቄስ ቤተሰብ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም መጀመሪያ «ቦይካት» ነበር፤ «ቦይኮት» ተብሎ መጻፍ የጀመረው እርሱ ልጅ ሳለ ነው። የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ ፈተናውን ወድቋል፤ በጊዜው ደንብ ግን ቤተሰቡ ገንዘብ ከፍሎ የመኮንንነት ሹመት ገዝቶለት፣ ክፍለ ጦሩ ወደ አየርላንድ ሲላክ አብሮ ሄደ። ጥቂት ዓመት አገልግሎ ሹመቱን ሸጠና እዚያው አግብቶ በአኪል ደሴት እርሻ ያዘ። ሰዎች «ካፒቴን» ይሉት የነበረው በአክብሮት እንጂ በሠራዊቱ ውስጥ ያን ማዕረግ ደርሶበት አይደለም። በ1873 ገደማ ወደ ሎክ ማስክ ሐይቅ ዳርቻ መጥቶ የባለርስቱ የሎርድ ኧርን ወኪልም ተከራይም ሆነ። ሎርድ ኧርን ራሱ የሚኖረው በሰሜን፣ በፈርማና አውራጃ ባለው ግንቡ ነበር።

ቦይኮት ከሌሎች ወኪሎች የከፋ ጨካኝ ነበር ማለት አይቻልም። ግትር ሰው ግን ነበር። ጭሰኞቹ ያማርሩት የነበረው በትልልቅ በደል ብቻ አይደለም፤ በር ሳይዘጋ ስለቀረ፣ ዶሮ ማሳ ውስጥ ስለገባ በሚጥለው ቅጣት ጭምር ነው። በ1880 ምርቱ ደካማ በመሆኑ ሎርድ ኧርን ከኪራዩ አሥር በመቶ ልቀንስ አለ፤ ጭሰኞቹ ሃያ አምስት በመቶ ካልሆነ አሉ። ባለርስቱ እምቢ አለ። ቦይኮትም ባልከፈሉ አሥራ አንድ ጭሰኞች ላይ የማፈናቀያ ትእዛዝ አወጣ።

ሴፕቴምበር 22 ቀን የፍርድ ቤት መልእክተኛ አሥራ ሰባት ፖሊሶች አጅበውት ትእዛዙን ለማደል ወጣ። ጥቂት ቤት እንዳደረሰ የአካባቢው ሴቶች ተጠራርተው ወጡና በድንጋይ፣ በጭቃና በፍግ አጣደፉት፤ መልእክተኛው ሸሽቶ ከቦይኮት ቤት ገባ። በማግስቱ እንደገና ቢሞክርም አልሆነለትም። ያን ቀን ብዙ ሕዝብ ወደ ቦይኮት ግቢ ተምሞ የቤት አገልጋዮቹና የእርሻ ሠራተኞቹ ሥራ እንዲያቆሙ አደረገ። ሁሉም ጥለውት ሄዱ። ከፊሉ በፈቃዱ፣ ከፊሉም የጎረቤትን ቁጣ ፈርቶ ነው፤ ይህ ሁለትነት ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቃሉ አልተለየም።

ቀጥሎ የሆነው ፓርኔል ኤኒስ ላይ ከተናገረው ጋር ይገጥማል። አንጥረኛው የፈረሶቹን ኮቴ አልመታም አለ፤ አጣቢዋ ልብስ መለሰች፤ ፖስታ የሚያመላልሰው ልጅ ሥራውን ተወ። በባሊንሮብ ከተማ ያሉ ባለሱቆች ምግብ አልሸጥልህም ስላሉት ስንቁ በጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ ከሌላ ቦታ ይመጣለት ጀመር። ድንቹ፣ ተርኒፑና እህሉ ሰብሳቢ አጥቶ በማሳ ላይ ቀረ። ቦይኮት በጎቹን ራሱ ለመጠበቅ ሲወጣ መሣሪያ የታጠቁ ፖሊሶች ይከተሉት ነበር። በመጨረሻ ችግሩን ዘርዝሮ ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ጻፈ፤ ደብዳቤው ኦክቶበር 18 ቀን ታተመ። አንድ የመንደር ጠብ የዓለም ወሬ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ጋዜጠኞች ወደ ማዮ ጎረፉ።

ከእነርሱ ቀድሞ እዚያ የነበረው ጄምስ ሬድፓዝ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። ሬድፓዝ ራሱ እንደተረከው፣ ዘ ኒል በተባለችው መንደር ከካቶሊኩ ቄስ ከአባ ጆን ኦማሊ ጋር ማዕድ ቀርቦ ሳለ ምግቡን ትቶ ይተክዛል። ቄሱ ምን ሆንክ ብለው ሲጠይቁት አንድ ቃል እንዳስቸገረው ይነግራቸዋል። ሕዝብ ተባብሮ ባለርስትን ወይም ወኪልን ሲያገል ምን እንበለው? በእንግሊዝኛ ከጥንት ግሪኮች የተወረሰ፣ ከማኅበረሰብ ማስወጣትን የሚገልጽ ግስ አለ፤ ገበሬው ግን አይረዳውም። አባ ኦማሊም አይረዳውም ብለው ተስማሙ፤ ጥቂት አሰቡና «ቦይኮት ማድረግ ብንለውስ?» አሉ። ሬድፓዝ ቃሉን በኦክቶበር 12 ቀን በቺካጎው ኢንተር ኦሽን ጋዜጣ አወጣው። ይህ ምስክርነት ባይኖር ኖሮ ግሱ ከጋዜጣ ዴስክ የወጣ ይመስል ነበር። ያወጣው ግን የምእመናኑን ቋንቋ የሚያውቅ የገጠር ቄስ ነው፤ ቃሉ በፍጥነት የተዛመተውም ለገበሬው ጆሮ ስለቀረበ ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ በሰሜን አየርላንድና በደብሊን ያሉ ለእንግሊዝ የታመኑ ወገኖች ገንዘብ አዋጥተው ከካቫንና ከሞናሃን አውራጃዎች ሃምሳ ያህል ፕሮቴስታንት ሠራተኞች መለመሉ። ሰዎቹ በባቡር ክሌርሞሪስ ድረስ መጥተው፣ የሚያሳፍራቸው ጋሪ ስለጠፋ በዝናብ ወደ ባሊንሮብ በእግር ተጓዙ። መንግሥት ግጭት እንዳይነሣ በመስጋት አንድ ሺህ ገደማ ወታደርና ፖሊስ አሰማራ። አባ ኦማሊና የሊጉ ሰዎች ሕዝቡ ከመንገድ ላይ ዞር እንዲል፣ እጁንም እንዲሰበስብ መከሩ፤ ሕዝቡም ሰማ። ደም አልፈሰሰም። ሠራተኞቹ ለሁለት ሳምንት በጭቃ ውስጥ ድንች ሲቆፍሩና እህል ሲወቁ ከርመው ኖቬምበር 27 ቀን ተመለሱ። ቦይኮት እንደገመተው ሰብሉ 500 ፓውንድ ያህል ያወጣል፤ እርሱን ለማንሣት የወጣው ወጪ ግን ቢያንስ 10,000 ፓውንድ እንደሆነ ይገመታል። ፓርኔል እያንዳንዱ ተርኒፕ አንድ ሽልንግ አስወጣ ብሏል።

ቦይኮትና ቤተሰቡም በዚያው ሰሞን ለቀው ሄዱ። ጋሪ የሚነዳላቸው ሰው ስላልተገኘ የተጓዙት በሠራዊቱ አምቡላንስ ነው። ደብሊን ያረፉበት ሆቴል ባለቤት የማስፈራሪያ ደብዳቤ ሲደርሰው እዚያም መቆየት አልቻሉም፤ በዲሴምበር መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። በ1881 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ «ቻርልስ ካኒንግሃም» ብሎ ተመዘገበ። የቤተሰብ ስሙ በዓመት ጊዜ ውስጥ ሊያስተዋውቀው ሳይሆን ሊያሳፍረው የሚችል ቃል ሆኖበት ነበር። በኋላም በእንግሊዝ አገር በሰፎክ የርስት ወኪል ሆኖ ሠርቶ በ1897 ሞተ።

ግሱ ከባለቤቱ ፈጥኖ ሮጠ። ታይምስ ኖቬምበር 20 ቀን 1880፣ ቦይኮት ገና በማዮ ሳለ፣ ስለ ሌላ የአየርላንድ ቀበሌ ሲዘግብ ተጠቀመበት። መጀመሪያ ላይ ጋዜጦች በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ እያስገቡ፣ እንደ ሰው ስምም በትልቁ ፊደል እየጀመሩ ይጽፉት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጥቅሱም ትልቁ ፊደልም ቀረ። ቃሉ እንደ ማንኛውም ተሻጋሪ ግስ ተረባ፦ ላለፈ ጊዜ «ቦይኮትድ»፣ ድርጊቱን ለመሰየም «ቦይኮቲንግ»፣ አድራጊውን ለመጥራት «ቦይኮተር»። በሰው ስም የተሠሩ ሌሎች የእንግሊዝኛ ግሶችም አሉ፤ ወተትን አሙቆ ከጀርም ማጽዳት በፈረንሳዊው ሊቅ በፓስተር ስም ይጠራል። ልዩነቱ ፓስተር የሥራው ባለቤት መሆኑ ነው። ቦይኮት ግን በስሙ የሚጠራውን ድርጊት አልፈጸመም፤ የተፈጸመበት ነው። አድራጊዎቹ ስማቸው ያልተጻፈ የማዮ ጭሰኞችና አጣቢዎች ናቸው።

በ1881 የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ አየርላንድ መሬት ባወጣው ሕግ የሊጉን ጥያቄዎች በመርሕ ተቀበለ፤ ኪራይ የሚወስን ፍርድ ቤትም ተቋቋመ። በ1903 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ጭሰኞች በመንግሥት ብድር መሬቱን እንዲገዙ አስቻለ። ግሱም በዚያው ዘመን ድንበር ተሻግሮ ነበር። ፈረንሳይኛ «ቦይኮቴ»፣ ጀርመንኛ «ቦይኮቲረን»፣ ሩስኛ «ቦይኮቲሮቫት» እያሉ እያንዳንዱ በየራሱ የርቢ ሕግ ተቀብሎታል። ጃፓንኛም ወስዶታል።

በአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ሲይዙት ትርጉሙ ተዛወረ። በማዮ የተገለለው ሰው ነበር፤ በአሜሪካ ግን በአመዛኙ ሸቀጥ ሆነ። ሠራተኛው የማኅበሩን መብት የማያከብር ፋብሪካ የሚያመርተውን ባርኔጣ ወይም ዳቦ ላለመግዛት ይማማላል። አሠሪዎች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳንበሪ ከተማ ባርኔጣ ሠሪዎች ጉዳይ እንዲህ ያለው የተቀናጀ ጥሪ የንግድ ነፃነትን ይገድባል ብሎ በማኅበሩ ላይ ወሰነ። በእስያም ግሱ ከአገር ክብር ጋር ተያያዘ። በ1905 ቻይናውያን ነጋዴዎችና ተማሪዎች ዜጎቻቸው ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሕግ በመቃወም የአሜሪካን ሸቀጥ ተዉ። በዚያው ዓመት የቤንጋል ሕዝብ የግዛቱን መከፈል ተቃውሞ የእንግሊዝን ጨርቅ አልገዛም አለ፤ ጋንዲ በኋላ ላካሄዱት ያለመተባበር ንቅናቄ መንገዱን የጠረገውም ይህ ነው።

ቃሉ ሁልጊዜ ከተበደለው ጎን አልቆመም። ኤፕሪል 1 ቀን 1933 ናዚዎች በጀርመን የአይሁድ ሱቆች ላይ ያወጁትን ዘመቻ የጠሩት በዚሁ ስም ነው። ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች በሱቆች በር ቆመው ገዢውን ይመልሱ ነበር። በመንግሥት ጉልበት በአናሳ ሕዝብ ላይ የሚዘመት ነገር ማዮ ውስጥ ከተደረገው ጋር ቃል ከመጋራት በቀር አይዛመድም፤ ማሳደድ እንጂ ቦይኮት ሊባል አይገባውም ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግም በዚህ ቃል ተጨንቀዋል። በዲሴምበር 1955 ሮዛ ፓርክስ በአውቶቡስ ወንበሯን አልለቅም ብላ ከታሰረች በኋላ የአሜሪካዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁር ሕዝብ በአውቶቡስ መሳፈር አቆመ። ኪንግ በመጽሐፋቸው እንደገለጹት፣ የነጭ የበላይነት አቀንቃኞችም ይህንኑ ዘዴ በጥቁሮች ላይ ይጠቀሙ ስለነበር ኅሊናቸው ጠይቋቸዋል። መልሳቸውም የሞንትጎመሪ ሰዎች የሚያደርጉት ማንንም ለማክሰር ሳይሆን ከክፉ ሥርዓት ጋር ላለመተባበር ነው የሚል ሆነ። ሕዝቡ ለ381 ቀናት በእግሩ ሄደ፤ ሥራ ቦታው ሩቅ የሆነበትም በጎረቤት መኪና ተሳፈረ፤ በመጨረሻም በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በአውቶቡስ ላይ የነበረው የዘር ልዩነት ተሻረ።

በ1959 በለንደን የደቡብ አፍሪካን ሸቀጥ ላለመግዛት የተጀመረው ንቅናቄ መጠሪያው ራሱ «የቦይኮት ንቅናቄ» ነበር፤ በዓመቱ የፀረ አፓርታይድ ንቅናቄ ተባለ። ቃሉ ወደ ስፖርት ሜዳ ሲዘልቅ ከኢትዮጵያ ጋር በቅርብ ተገናኘ። ፊፋ ለ1966 የዓለም ዋንጫ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺያንያ ለአንድ ቦታ እንዲፋለሙ በወሰነ ጊዜ የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ይህን ካስተባበሩት አንዱ የኢትዮጵያው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ ጋናዊው ኦሄኔ ጃንም አብረዋቸው ነበሩ። ውጤቱ ፈጣን ነበር፤ ከ1970ው ዋንጫ ጀምሮ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች።

ኦሊምፒኩ ከዚያ የከበደ ዋጋ አስከፍሏል። በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በአፓርታይድ ሥር ያለችውን ደቡብ አፍሪካ በመጎብኘቱ፣ ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ትገለል የሚለው ጥያቄ ውድቅ ሲሆን ከሃያ በላይ አገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ሳይወዳደሩ ቀሩ። ኢትዮጵያም ከነዚህ አንዷ ነበረች። ምሩጽ ይፍጠር በብቃቱ ጫፍ ላይ እያለ ያ ዕድል አለፈው፤ በ1980 ሞስኮ ላይ በአምስትና በአሥር ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ አሜሪካና ወዳጆቿ ሶቭየት ኅብረት አፍጋኒስታንን በመውረሯ ምክንያት ቀርተው ነበር። በ1984 ሶቭየት ኅብረትና አጋሮቿ ሎስ አንጀለስን ሲተዉ ኢትዮጵያ አብራ ቀረች፤ በ1988ም ከሰሜን ኮሪያ ጋር በመተባበር ሴኡልን ተወች። በላይነህ ዲንሳሞ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2፡06፡50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ሴኡል ግን አልሄደም። የሞንትሪያሉ መቅረት ስለ አፍሪካውያን ክብር የተከፈለ ዋጋ ነው፤ የሚከበር ነው። የሎስ አንጀለሱና የሴኡሉ ግን የኃያላን ጎራ ጠብ ዕዳ በሯጮች እግር ላይ የተጫነበት ነበር። በ1992 ባርሴሎና ላይ ኢትዮጵያም ደቡብ አፍሪካም ተመልሰው መጡ፤ ደራርቱ ቱሉ የአሥር ሺህ ሜትሩን ወርቅ ስትወስድ ሁለተኛ የወጣችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ነበረች።

ዛሬ ግሱ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይታወቃል። ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም የሥራ ማቆም አድማ ነው፤ መንግሥት በሕግ ንግድ ሲከለክል ማዕቀብ ነው፤ ሰዎች ያለ ሕግ አስገዳጅነት ተስማምተው ሲተዉ ቦይኮት ነው። አማርኛም ቃሉን ወስዶታል፤ ምርጫን፣ ስብሰባን ወይም የአንድን ድርጅት ምርት ስለመተው ሲነገር ይሰማል። ሩስኛና ጀርመንኛ ቃሉን በራሳቸው ርቢ ግስ ሲያደርጉት አማርኛ ግን አላረባውም፤ በስምነቱ ትቶ «አደረገ» የሚል ረዳት ግስ አስከተለለት።